የሴል ኬሚስትሪና የዘር ውርስ የሚገናኙት የት ላይ ነው? ከበቆሎና ከጤፍ ዘር የተነሣ ጥያቄ

የቡሬዋ ተማሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ሁሉ። በቡሬ ከተማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ለአገር አቀፉ ፈተና በመዘጋጀት ላይ ነኝ። የባዮሎጂ ትምህርቱ መጀመሪያና መጨረሻ አልገናኝ ብሎኛል። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ስለ ውሃ፣ ስለ ካርቦሃይድሬት፣ ስለ ቅባት፣ ስለ ፕሮቲንና ስለ ኑክሊክ አሲድ እንማራለን፤ ከብዙ ገጽ በኋላ ደግሞ ሜንዴል አተር አዳቅሎ በሁለተኛው ትውልድ ሦስት እጅ ድቡልቡል፣ አንድ እጅ የተጨማደደ ፍሬ አገኘ ይባላል። ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ፣ ከአርኤንኤ ወደ ፕሮቲን የሚለውን ቅደም ተከተል በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሠንጠረዥ ሠርቼ ሦስት ለአንድ የሚለውን ውጤት ማውጣትም አያቅተኝም። ያልገባኝ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ለድቡልቡሉ ትልቁ “አር”፣ ለተጨማደደው ትንሹ “አር” ብለን በሠንጠረዡ የምንጽፋቸው ነገሮች በሴሉ ውስጥ በእርግጥ ምንድን ናቸው? የአተር ፍሬስ በእነርሱ ምክንያት የሚጨማደደው እንዴት ነው?

ጥያቄው ከደብተሬ ብቻ የመጣ አይደለም። አባቴ ገበሬ ናቸው። ቢኤች 540 ከተባለው ድቅል በቆሎ ምርት ላይ ደህና ደህናውን መርጠው ለዘር አስቀመጡና በሚቀጥለው ክረምት ቢዘሩት ማሳው ወጣ ገባ ሆነ፤ አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ ምርቱም እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ቁንጮ ጤፍን ግን ከራሳቸው ጎተራ እያወጡ ቢዘሩትም መልኩን ሳይለውጥ ይበቅላል። ሁለቱም ምርጥ ዘር ተብለው ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። “አንቺ ትማሪ የለም ወይ? ምክንያቱን ንገሪኝ” ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መምህር ዘደብረ ማርቆስ

ውድ እኅቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ የበቆሎውንና የጤፉን ጉዳይ ለሰብል ባለሙያዎች እተወዋለሁ። ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የሜንዴል አተር ራሱ ይበቃናል።

የአተር ተክል በቅጠሉ የሠራውን ስኳር በሱክሮዝ መልክ ወደ ፍሬው ይልካል። በፍሬው ሴሎች ውስጥ ሱክሮዙ ተፈርሶ የግሉኮስ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ይያያዙና ስታርች ይሆናሉ። ስታርች ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው አሚሎዝ የሚባለው ቅርንጫፍ የሌለው ያህል ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሲሆን፣ ሁለተኛው አሚሎፔክቲን ቅርንጫፉ የበዛ ነው። ቅርንጫፉን የሚያወጣው ለዚሁ ሥራ የተለየ ኢንዛይም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ሞለኪውል ነው። ይህ ኢንዛይም ሲጎድል አሚሎፔክቲን በበቂ መጠን አይሠራም፣ ጠቅላላው የስታርች መጠንም ይቀንሳል፣ ወደ ስታርች ሳይለወጥ የቀረው ሱክሮዝም በሴሉ ውስጥ ይከማቻል። አሁን በመጀመሪያው ምዕራፍ የተማርሽው የውሃ ጠባይ ይመጣል። ስታርች በጠጣር ቅንጣት መልክ ስለሚቀመጥ በኦስሞሲስ ውሃ የመሳብ ኃይሉ ኢምንት ነው፤ ስኳር ግን በውሃ ይሟሟል፣ ስኳር የበዛበት ሴልም ብዙ ውሃ ይስባል። ስለዚህ ስታርች ያነሰው ፍሬ እሸት ሳለ ውሃ ጠጥቶ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ያ ሁሉ ውሃ ይወጣና የተለጠጠው ሽፋን የሚሸፍነው ነገር አንሶት ይጨማደዳል።

እንግዲህ ጭምድድ ያለ አተር ማለት አንድ ኢንዛይም የጎደለው አተር ማለት ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። አሚኖ አሲዶቹ 20 ዓይነት ሲሆኑ፣ ሰንሰለቱ ተጣጥፎ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚይዝና ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስነው የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተጻፈው በዲኤንኤ ላይ በአዴኒን፣ በታይሚን፣ በጉዋኒንና በሳይቶሲን አደራደር ነው። ሴሉ ከዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገውን ክፍል በአርኤንኤ ይገለብጣል፤ ፕሮቲን የሚሠራው የሴሉ ክፍል፣ ራይቦሶም፣ ቅጂውን በሦስት በሦስት እየከፈለ ያነብባል። አራቱ ፊደላት በሦስት በሦስት ሲደረደሩ 64 ዓይነት ይሆናሉ፤ ከእነዚህ 61ዱ አሚኖ አሲድ ያመለክታሉ፣ 3ቱ ደግሞ ሰንሰለቱ እዚህ ላይ ይብቃ የሚሉ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በኖርዊች የሚገኘው የጆን ኢኔስ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንኑ የሜንዴልን ጂን፣ ማለትም የኢንዛይሙ ቅደም ተከተል የተጻፈበትን የዲኤንኤ ክፍል፣ ለይተው አወጡት። ድቡልቡል ፍሬ በሚሰጠው አተር የኢንዛይሙ ጂን ሙሉ ነው። ጭምድድ ፍሬ በሚሰጠው አተር ግን በጂኑ መካከል 800 ያህል ፊደላት ያሉት ባዕድ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቶበታል፤ በዚህም ምክንያት ደህና ኢንዛይም አይሠራም። ትልቁ “አር” ያልተቋረጠው ጽሑፍ ነው፤ ትንሹ “አር” ደግሞ ባዕድ ቁራጭ የገባበት ያው ጽሑፍ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ክብደት አላቸው፣ ርዝመታቸውም በላቦራቶሪ ይለካል።

ሦስት ለአንድ የሚለው ቁጥር የሚመጣው ደግሞ ዲኤንኤውን ከተሸከሙት ከክሮሞሶሞች አካሄድ ነው። አተር 14 ክሮሞሶም አለው፤ ይህም 7 ጥንድ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የተገኘ ነው። ተክሉ የአበባ ብናኝና እንቁላል ሲያዘጋጅ በሚዮሲስ ጥንዶቹ ይለያዩና እያንዳንዱ የዘር ሴል ከሁለቱ ጽሑፎች አንዱን ብቻ ይዞ ይወጣል። ሁለቱንም “አር” የያዙ ተክሎች ሲዳቀሉ ትንሹን “አር” ከሁለቱም ወገን የሚያገኘው ከአራት አንዱ ፍሬ ነው። ሜንዴል በዚህ ሙከራ 7324 ፍሬ ቆጥሮ 5474ቱን ድቡልቡል፣ 1850ውን የተጨማደደ ሆኖ አግኝቷቸዋል። ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ዲኤንኤ የዘር ውርስ ተሸካሚ መሆኑን አቬሪና ባልደረቦቹ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1944፣ የዲኤንኤ ጥምዝ መሰላል ቅርጽ የታወቀውም በ1953 ነው። ሜንዴል ስለ ሞለኪውሉ ምንም ሳያውቅ፣ ፍሬ በመቁጠር ብቻ የአካሄዱን ሕግ ማግኘቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ላቦራቶሪ ባይኖርሽም ስታርቹን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። አንድ የበቆሎ ፍሬና አንድ አተር ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፊ፤ በጠዋት በምላጭ ለሁለት ክፈዪና በተከፈተው ገጽ ላይ ከፋርማሲ የሚገዛውን አዮዲን አንድ ጠብታ አድርጊበት። ቡናማው ጠብታ ስታርች ባለበት ሁሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። በበቆሎው ላይ የዱቄቱ ክፍል ሲጠቁር ጽንሱ ግን ብዙም አይለወጥም፤ እርሱ ቅባትና ፕሮቲን የበዛበት ስለሆነ ነው።

ገበሬ ከሜጫ

ሰላም ልጄ፣ አባትሽ የደረሰባቸው በእኛም ቀበሌ የታወቀ ነው። ዘሩ ከከረጢቱ ሲወጣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነው የምናገኘው። ብዙዎቻችን የምናምነው ያ መድኃኒት ዘሩ እንዳይደገም ያደርገዋል ብለን ነው። አባቶቻችን ይዘሩት የነበረው የአገሩ በቆሎ ዘመን ከዘመን እየተደገመ የኖረ ነው፤ ይህኛው ብቻ ለምን እምቢ ይላል? በየዓመቱ ዘር መግዛት ለገበሬ ቀላል ወጪ አይደለምና የሚያውቅ ሰው በግልጽ ቢነግረን መልካም ነው።

የሰብል ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም

ጋሼ፣ ጥርጣሬዎ ምክንያት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም። ዘሩ የሚቀባው በአፈር ውስጥ እንዳይሻግትና ተባይ እንዳይበላው ነው፤ ቀለሙ የሚጨመርበትም ሰው መርዝ የነካው መሆኑን አይቶ እንዳይበላው ነው። መድኃኒቱ በበቀለው ተክል ውስጥ ያለውን የዲኤንኤ ጽሑፍ አይለውጥም። በመከር ጊዜ የሚሰበስቡት ፍሬ በአዲስ ሴሎች የተሠራ አዲስ ፍሬ ነው። የተቀባው ዘር ቢተርፍ ግን ለቤተሰብም ሆነ ለዶሮ እንዳይሰጥ አደራ እላለሁ።

ምክንያቱ ያለው በአበባው ነው። በቆሎ የወንዴ አበባው አናቱ ላይ፣ የሴቴው ጸጉር ደግሞ ከታች እሸቱ ጫፍ ላይ ስለሚወጣ፣ ብናኙ በነፋስ እየተወሰደ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ በተፈጥሮው ድብልቅ ሰብል ነው። አዳቃዮች መጀመሪያ ይህን ጠባይ ይከለክሉታል፤ የወንዴውንም የሴቴውንም አበባ በወረቀት ከረጢት ሸፍነው ተክሉን በራሱ ብናኝ ብቻ ያዳቅሉታል። ይህ ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም ከእናትና ከአባት የመጡት ጽሑፎች አንድ ዓይነት የሆኑበት መሥመር ይገኛል። እንዲህ ያለው መሥመር ራሱ ቀጫጫና ምርቱ አነስተኛ ነው፤ ተደብቀው የነበሩ ጎዶሎ ጂኖች ሁሉ ጥንድ ሆነው ስለሚገለጡ ነው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት መሥመሮች ሲዳቀሉ ግን የአንዱን ጉድለት የሌላው ደህና ጂን ስለሚሸፍነው ልጆቹ ከወላጆቻቸው እጅግ በልጠው ይገኛሉ። በዘር ብዜት እርሻ አጠገብ ያለፈ ሰው ሠራተኞች በረድፍ መካከል እየሄዱ የእናትየዋን ረድፍ የወንዴ አበባ ብናኝ ሳይረጭ ሲነቅሉ ያያል። የዘሩ ዋጋ አንዱ ምክንያትም ይህ የእጅ ሥራ ነው።

ቢኤች 540 በባኮ ምርምር ማዕከል እንዲህ ከሁለት መሥመሮች የተገኘ ድቅል ነው። ከከረጢቱ የሚወጡት ዘሮች በሙሉ ከአንድ ዓይነት እናትና ከአንድ ዓይነት አባት ስለተወለዱ ማሳው እኩል ሆኖ ይበቅላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ተክል በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ይዟል። እነዚህ ተክሎች በማሳው ላይ እርስ በርስ ሲዳቀሉ፣ መምህሩ እንዳስረዱት ጥንዶቹ ይለያያሉ። በቆሎ 10 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ጥንዶቹ በሚዮሲስ ሲለያዩ፣ ቁርጥራጭ መለዋወጣቸውን ሳንቆጥር እንኳ፣ 1024 ዓይነት የብናኝ ስብጥር ይወጣል፤ የእንቁላሉም ቁጥር ያው ነው። አባትሽ በሁለተኛው ክረምት የዘሩት የዚህን ሁሉ ስብጥር ልጆች ነው። ከዚህም በላይ፣ በድቅሉ ውስጥ ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ከነበረባቸው ቦታዎች በግማሾቹ ላይ አሁን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ጥንድ ሆኗል፤ ጎዶሎ ጂኖቹ ዳግም ተገለጡ፣ ምርቱም ቀነሰ። ትልልቁን እሸት መርጦ ማስቀመጥ ይህን አያስቀርም፤ ትልቁ እሸት ራሱ የድቅል ተክል ፍሬ ነውና። ቢኤች 660 ደግሞ ሦስት መሥመሮች የገቡበት ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ዓመትም ተክሎቹ ፍጹም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ጤፍ የተለየው በራሱ ብናኝ የሚዳቀል በመሆኑ ነው። ትንሿ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ ስትከፈት ብናኟ እዚያው በራሷ ላይ ያርፋል። ቁንጮም ድቅል ነበረ፤ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ምርታማው ዱከምና ነጭ ፍሬ ያለው ማኛ ተዳቅለው የተገኘ ሲሆን የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ልዩነቱ፣ ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት ለብዙ ትውልድ በራሱ እንዲዳቀል መደረጉ ነው። በራሱ የሚዳቀል ተክል በየትውልዱ ልዩነቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ትውልድ ግማሽ፣ በሦስተኛው ሩብ እያለ በስምንተኛው ከ128 አንድ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከአባትሽ ጎተራ የሚወጣው ቁንጮ የሚለያይ ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል። ከሌላ ጤፍ ጋር በአውድማ ላይ እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የቡሬዋ ተማሪ

መምህር፣ የሰብል ባለሙያውም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባቴ አንብቤላቸው የማዳበሪያው ጥፋት መስሏቸው የነበረውን ተውት። አሁን ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ዶሚናንት የሚባለው ጂን ሌላውን ተጭኖ ሥራ ያስፈታዋል ማለት ነው? ጤፍስ 40 ክሮሞሶም እንዳለው አንብቤአለሁ፤ የበቆሎ እጥፍ መሆኑ በዘር ውርሱ ላይ ለውጥ ያመጣል?

የባዮሎጂ መምህርት፣ ባሕር ዳር

እኅቴ፣ መጫን የሚባል ነገር የለም። በአንድ ቀበሌ ሁለት ወፍጮ ቤት ቢኖርና አንዱ ቢበላሽ፣ የቀረው የሰዉን እህል ፈጭቶ ካዳረሰ ማንም ጉድለቱን አያውቀውም፤ ደህናው ወፍጮ ግን የተበላሸውን ምንም አላደረገውም። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ “አር” ያለው አተርም እንዲሁ ነው። ከደህናው ጂን ብቻ የሚሠራው ኢንዛይም ፍሬውን ድቡልቡል ለማድረግ ይበቃል። የዚያን አተር የስታርች ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ስናይ ግን ቅርጻቸው በሁለቱ ወላጆች መካከል ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ፍሬውን በዓይን ለሚያይ ሰው ዶሚናንት የሆነው ጂን፣ ቅንጣቱን ለሚያይ ሰው ሙሉ በሙሉ ዶሚናንት አይደለም። ይህን በደንብ ያዥው፤ ዶሚናንትነት የጂኑ ኃይል ሳይሆን፣ በአንድ ቅጂ የሚሠራው ፕሮቲን ለምናየው ባሕርይ በቂ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ሪሴሲቭ የተባለው፣ ማለትም ከደህናው ጋር ሲሆን የማይታየው ጂንም፣ አይደክምም፣ አይጠፋም፤ ሳይለወጥ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

የጤፍ 40 ክሮሞሶም የመጣው ከሁለት የተለያዩ ጥንታዊ ዝርያዎች መዋሃድ ነው። በዚህ የተነሣ ብዙዎቹ ጂኖች በሁለት ቦታ ይገኛሉ፤ አንድ ጤፍ ለአንድ ሥራ ሁለት ሳይሆን አራት ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ቦታዎች አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ከሆነና ጉድለቱ የሚታየው አራቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ብቻ ከሆነ፣ በሁለተኛው ትውልድ የምትጠብቂው ሦስት ለአንድ ሳይሆን አሥራ አምስት ለአንድ ነው። አራት በአራት የሆነውን ሠንጠረዥ ሠርተሽ ከ16ቱ አንዱን ፈልጊው፤ በፈተናም የሚመጣ ነው።

ገበሬው ከሜጫ ለቤታቸው የሚጠቅማቸው አንድ ነገር ልጨምር። የተራ በቆሎ ፕሮቲን አብዛኛው ዜይን የሚባል ሲሆን፣ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች በጣም ያንሱታል፤ ሰውነታችን ደግሞ ሁለቱንም ራሱ መሥራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦፓክ ሁለት የሚባል የተለወጠ ጂን ያለው በቆሎ ላይሲኑ ከፍ ያለ መሆኑ ታወቀ። ይህ ጂን ሲጎድል ዜይን ይቀንስና ሌሎቹ ፕሮቲኖች ቦታውን ይይዛሉ። ቫሳልና ቪሌጋስ የተባሉት ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ፍሬው ጠንካራ የሆነ፣ በፕሮቲን ጥራቱ የበለጸገ በቆሎ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. የ2000 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ልጆቻቸውን በበቆሎ ቂጣና ንፍሮ ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባሕርዩ ግን ሪሴሲቭ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው የዱቄት ክፍል ሁለት ቅጂ ከእናት፣ አንድ ቅጂ ከብናኙ ይወስዳል፤ ብናኙ ከጎረቤት ተራ በቆሎ ከመጣ ያች አንዲት ደህና ቅጂ ዜይኑን ትመልሰዋለች፣ ያ ፍሬም በዚያው ዓመት እንደ ተራ በቆሎ ይሆናል።

ገበሬ ከሜጫ

እናመሰግናለን። እንግዲያው እንዲህ ያለውን በቆሎ ለመዝራት የጎረቤት ማሳ የማይደርስበት መሬት ያስፈልጋል ማለት ነው። የእኔ ማሳ በሁሉም በኩል በበቆሎ የተከበበ ነው፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

የሰብል ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም

ጋሼ፣ ከሁለት አንዱን ያድርጉ። ከተቻለ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተመካክራችሁ ተያያዥ በሆነ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት በቆሎ ዝሩ፤ በኩታ ገጠም መዝራት ለዚህም ይጠቅማል። ካልተቻለ፣ አበባው ከጎረቤት ጋር እንዳይገጥም የዘር ጊዜውን ለዩት፤ ዝናቡ ካልፈቀደ ደግሞ ከዳር ያሉትን ረድፎች ለሽያጭ ወይም ለከብት አድርገው፣ ለልጆች የሚሆነውን ከማሳው መካከል ይሰብስቡ። አብዛኛው የጎረቤት ብናኝ የሚያርፈው ዳር ዳሩ ላይ ነው። በየዓመቱ ዘር መግዛት ከከበደዎትም፣ ድቅል ያልሆነና በነፋስ እየተዳቀለ የሚደገም የተሻሻለ በቆሎ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ለዘር ሲያስቀምጡ ግን ከጥቂት ትልልቅ እሸቶች ብቻ ሳይሆን ከመካከለኛው ማሳ ከብዙ ጤነኛ ተክሎች ጥቂት ጥቂት እያወጡ ይቀላቅሉ። ከጥቂት ተክሎች ብቻ የተወሰደ ዘር ዘመዳሞችን ያዳቅላል፤ ዘመዳሞች ሲዳቀሉም ጎዶሎዎቹ ጂኖች ይገናኛሉ።